ነጭ ገብቶ ነጭ እስኪወጣ

እኔ ቆሻሻ አልወድም። ይህን ስል ባለቤቴ ትስቅብኛለች። ዕድሜ ልኩን ጥፍሩ ውስጥ ግሪስ ይዞ የኖረ ሰው ቆሻሻ አልወድም ቢል ማን ያምነዋል? እኔ የምለው ግን የእጅን ቆሻሻ አይደለም፤ እሱ በሳሙና ይለቃል፣ ሳሙና ከተገኘ። የምጠላው ሞተር ውስጥ የሚቀረውን ነው። ከጤፍ ፍሬ የምታንስ የብረት ስባሪ ዘይት መተላለፊያው ውስጥ ተሸሽጋ ትቆይና፣ ሁሉም ረስቷት ሳለ፣ አንድ ቀን ደህናውን ሞተር ቀጥ ታደርገዋለች። ስለዚህ ሞተር ሳጥብ ነገረኛ እሆናለሁ። አብረውኝ የሠሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። ንፅህና በየቤቱ ሌላ ሌላ መሆኑን የተማርኩት ግን ከአንድ ወፍጮ ቤት ነው።

ያ ክፉ ድርቅ አልፎ፣ ዝናቡ ተመልሶ፣ መሬቱ የመጀመሪያውን ደህና እህል የሰጠበት ዓመት ነበር። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ብሆንም እንጀራዬ ኮምቦልቻ ነበር፤ በአንድ ጋራዥ መካኒክ ሆኜ እሠራለሁ። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት የሀረጎን ዳገት ስወርድና ስወጣ የሚያስቸግረኝ ሹራቤ ነው። ላይ እለብሰዋለሁ፣ ታች አወልቀዋለሁ፣ ብዙውን ጊዜ የሆነ ሰው መኪና ላይ ረስቼው እወርዳለሁ። እናቴ «አንተ ሹራብ የምትለብሰው ለሾፌሮች ነው» ትለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የአንድ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። መንደራቸው ደሴ ዙሪያ ውስጥ ነው፤ ከሀረጎ መንገድ ወርደው በእግር የሚገቡበት። ረጅም ሰው ነው፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶበታል። በዚያ ዓመት የሁሉም ሰው ኮት ሰፍቶበት ነበር።

«ጓድ መካኒክ፣ ወፍጯችን ሞተ» አለኝ።

«ከሞተማ የሚያስፈልጋችሁ ቀባሪ ነው» አልኩት።

አልሳቀም። እኔም ወዲያው አፈርኩ። እነሱ አገር ስለ ቀብር የሚቀለድበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር።

ዕቃዬን በከረጢት ይዤ አብሬው ወጣሁ። ሀረጎ አጋማሽ ላይ ከጭነት መኪና ወርደን በእግር መንገዱ ወደ ውስጥ ገባን። ማሽላውም ገብሱም በየአውድማው ተከምሯል። ሰው ክምሩን ሲያይ የሚያየው በዓይኑ ብቻ አልነበረም፤ እየሄደ በእጁ ይዳስሰዋል፣ ነክቶት ያልፋል። ወደ መንደሩ ስንጠጋ ከየቤቱ አንድ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ። እህሉ መጣ፣ ወፍጮው ተሰበረ፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ውቂያ ላይ የዋለች ሴት ማታ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተንበርክካ ትፈጫለች። ከድርቁ በወጣ ጉልበት። ሊቀመንበሩ ድምፁን ስሰማ አይቶኝ «ከሚፈጩት ሁለቱ ታመው ተኝተዋል፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት» አለኝ።

ወፍጮ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል ነው። ቦታውን የለቀቁት እዚያው አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ መንደሩ ሁሉ ሸኽዬ ይላቸዋል። ልጆች ቁርአን ያቀራሉ፤ ሰው ሲታመም ዱዓ ያደርጉለታል፤ ሰው ሲሞት አጥበው የሚገንዙት እሳቸው ናቸው። ስንደርስ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘው ጠበቁን። ሴቶቹም ተሰብስበው ነበር። ከመካከላቸው ወፍጮ ቤቱ ላይ ተራ የምታስይዘው አንዲት ደልዳላ ሴት ናት፤ ባሏን በድርቁ ያጣች። ድምጿ ከሞተሩ አያንስም፤ ሞተሩ በቆመበት ሰሞን ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች የምትሰማው።

የሞተሩን ሽፋን ፈታሁ። ካምሻፍቱ ሄዷል። ከላዩ ካሉት ጉብታዎች አንዱ ተገምሶ፣ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ወድቋል። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያያል እንጂ የሚያየውን አያውቀውም። ማስረዳት ነበረብኝ።

«ይሄ ብረት የሞተሩ ሙአዚን ነው» አልኳቸው። «ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን፣ የሚዘጉበትን ሰዓት የሚጠራው እሱ ነው። እሱ ከተሰበረ ሁሉም ያለ ሰዓቱ ይነሳል፣ ያለ ሰዓቱ ይተኛል።»

ሸኽዬ ሳቁ። «እንዲህ በለና! ሙአዚኑን አጥተን ነው ለካ የቆምነው» አሉ። ያቺ ደልዳላ ሴት ግን አልሳቀችም፤ «ሌላ ሙአዚን ከየት ይመጣል?» አለችኝ።

ካምሻፍቱ ይገኛል። እኔን ያስፈራኝ ሌላው ነበር። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ዕቃ አውርጄ ጣቴን ስነክርበት ዘይቱ ያብለጨልጫል። የተሰበረው ብረት ከመውደቁ በፊት ተፈጭቷል፤ ትልልቁ ታች ቀርቷል፣ ደቃቁ ከዘይቱ ጋር ዞሮ በየቀዳዳው ገብቷል። ከተሰበረ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣኋት ማግኔት ነበረችኝ፤ ዘይቱ ውስጥ ሳዞራት ፂም አብቅላ ትወጣለች። ጠርጌ እመልሳታለሁ፤ እንደገና ፂም። የሚፈታውን ሁሉ ፈትቼ ቆርቆሮ ላይ በተርታ ደረደርኩና ለተሰበሰበው ሰው እንደ ሰባኪ ተናገርኩ። ከዚህ ሞተር ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር ብትቀር አዲሱን ብረት ትበላዋለች፤ ሁሉም እንደ ዓይን ብሌን መጥራት አለበት፤ መጀመሪያ ግን ደሴ ሄጄ ካምሻፍቱን ላምጣ። ሴቶቹ በጥሞና ሰሙኝ። እንደዚያ በጥሞና መሰማቴ ራሱ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር።

ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ አሮጌ ብረት የሚሸጡ ሰዎች አውቃለሁ። የሞተ የወፍጮ ሞተር አፈላልጌ፣ ከሆዱ ካምሻፍቱን አስወጥቼ፣ ጉብታዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሬ ዳስሼ አየሁት። ደህና ነበር። እናቴ ቤት አደርኩ፣ ሹራቤን ለብሼ ወጣሁ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መንደሩ ደረስኩ። የዚያን ቀን ሹራቤን አልረሳሁትም፤ በልቤ ቀኑ የቀና መስሎኝ ነበር።

ከሩቅ ነው የታየኝ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ነገር ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ሴቶቹ በሰልፍ ቆመው ይጠብቁኛል፤ የሚያብረቀርቀውም ከፊታቸው ነው። የሞተሩ ዕቃ በሙሉ። የዘይት ዕቃው፣ ሽፋኖቹ፣ ፒስተኑ፣ የዘይቱ ፓምፕ፣ ሁሉም እንደ ሙሽራ ሰሃን ነጥቷል። ጠጋ ብዬ የፓምፑን ቀዳዳ አየሁት። ግራጫ ነገር ሞልቶታል። በጣቴ ነክቼ በጥርሴ ሞከርኩት፤ ተንቀጫቀጨ። አመድና አሸዋ!

እኔ ደሴ በሄድኩበት፣ እነዚህ ሴቶች ድስትና ምጣድ እንደሚያነጡት አድርገው፣ አመድ ነስንሰው፣ ከወንዙ ደቃቅ አሸዋ አምጥተው፣ በቃጫ ፍትግ አድርገው አጥበውት ጠበቁኝ። የሞተሩ አካልም አልቀረም፤ እጅ የገባበት ቦታ ሁሉ ተፈትጓል።

«ምን አደረጋችሁ?» ብዬ ጮህኩ። «ሞተር ነው እኮ! ድስት መሰላችሁ?»

ደልዳላዋ ሴት ደነገጠች፤ ግን ድንጋጤዋ አፏን የሚያስዘጋ አልነበረም። «አንተው አይደለህ ‹እንደ ዓይን ብሌን ይጥራ› ያልከው? ወላሂ፣ እናቴ ለሰርጌ የሰጠችኝን ሰሃን እንኳ እንዲህ አድርጌ አጥቤው አላውቅም!»

«ብረቱ ቢቀር ይሻል ነበር! ብረትን ማግኔት ይለቅመዋል። አመድን ምን ይለቅመዋል? ይሄ አሁን ቢነሳ አንድ ቁና ሳይፈጭ ራሱን ፈጭቶ ይጨርሳል!»

በዚህ መካከል አንዲት ወጣት ሴት እጇን ወደ ኋላዋ ስትደብቅ አየኋት። የጣቶቿ ጫፍ በአሸዋው ተልጦ ቀልቷል። የእጅ ወፍጮው ያቆሰለው ላይ መሆኑ ነው። ሞተሩን ያጠቡት ከፈጩ በኋላ ነበር፤ ሲደክማቸው። ተናድጄ ነበር፣ ንዴቴም አልበረደም፤ ግን በማን ላይ እንደምናደድ ጠፋኝ።

ሸኽዬ ከድንጋያቸው ሳይነሱ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው» አሉ። «ፈሷል። እንግዲህ እንልቀመው። ምን ይሻላል፣ ልጄ?»

ተቀምጬ አስረዳኋቸው። በናፍጣ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ከዚያ የዘይቱን መተላለፊያ ሁሉ፣ የሞተሩን አካል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰርስሮ የሚሄደውን ቀዳዳ ጭምር፣ ጨርቅ በሽቦ እያሳለፉ መጥረግ፤ ነጭ ሆኖ የገባው ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ናፍጣው አለ። ችግሩ ጨርቁ ነው።

ይህን ሲሰሙ ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሮጡ። ያላቸውን ሁሉ ይዘው መጡ፤ አሮጌ ነጠላ፣ የቡልኮ ቁራጭ፣ ጆንያ። ካሁን በኋላ ሳያሳዩኝ ምንም አንነካም ብለዋል። ነጠላውን ወስጄ በፓምፑ ጠርዝ ላይ ሳሳልፈው ብናኝ ጥጡ ተያዘ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ለሰው ገላ የሚመች ነው፤ ለሞተር ግን ብናኙ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ዘይቱ ይታገዳል፣ ሞተሩ ይደርቃል። ጆንያውም የባሰ ነው። የእኔ ጋራዥ ጨርቅ እንደሆነ የብረት ብናኝ የጠገበ ነው፤ ቆሻሻ በቆሻሻ አይጠረግም።

«የሚሆነው አቡጀዲ ብቻ ነው» አልኩ። «አዲስ፣ ብናኝ የሌለው።»

ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። የኅብረት ሱቃቸው ጨውና ክብሪት እንጂ አቡጀዲ ካየ ሰንብቷል። ደሴም ቢሆን አቡጀዲ ያኔ በዘመድ ነበር የሚገኘው። ኮምቦልቻ ላይ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየተተከለ ነበር፤ ሊቀመንበሩ «ፋብሪካው እስኪያልቅ እንጠብቅ እንግዲህ» ብሎ ለመቀለድ ሞከረ። በዚህኛው ቀልድ ደግሞ እኔ አልሳቅኩም።

ሸኽዬ ተነስተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ሲወጡ ክንዳቸው ላይ የታጠፈ ነጭ ነገር አለ። አዲስ አቡጀዲ፤ እጥፋቱ ከመቆየቱ ብዛት መስመር ሠርቷል፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። በደስታ እጄን ዘረጋሁ። ደልዳላዋ ሴት ከመካከላችን ገባች።

«ሸኽዬ፣ ኧረ በአላህ! ይሄማ አይሆንም!»

ግራ ገብቶኝ ሊቀመንበሩን አየሁት። «ከፈናቸው ነው» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ሲሞቱ የሚገነዙበት።»

እጄን ሰበሰብኩ። የእኔም አያት መገነዣዋን ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ነበር የኖረችው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። «ሸኽዬ፣ ይህን እኔ አልነካም። ይቅር። ደሴ ተመልሼ ልፈልግ፤ ወር ይፍጅ እንጂ አገኛለሁ» አልኳቸው።

«ወር?» አሉ። ጆሯቸውን ወደ መንደሩ አዘነበሉ። ድንጋዩ ይሰማል። «ይሄንን ወር ሙሉ ልስማው? ተቀመጥ፣ አንተ ልጅ። ስማኝ።»

ተቀመጥኩ። ሴቶቹም ቆመው ሰሙ። ሸኽዬ ሲናገሩ ጨርቁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይደባብሱት ነበር።

«ያን ጊዜ ስንቱን በጆንያ ገንዤ ቀብሬያለሁ። ስንቱን በለበሰው ቡትቶ። የዚችን ባል ጭምር» አሉ ደልዳላዋን ሴት በአገጫቸው እያመለከቱ። «ይሄ ጨርቅ ያኔ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። በሬዬን ሸጫለሁ፣ የቤቴን በር ነቅዬ ሸጫለሁ፤ ይሄን አልሸጥኩም። ሰው በሞተ ቁጥር አወጣዋለሁ፤ አየዋለሁ፤ እመልሰዋለሁ። አንዱን ብሸፍንበት ሌላው ይቀራል እላለሁ። ለማን ሰጥቼ ማንን ልከልክል እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ለራሴ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ስከፍት አፍራለሁ። ጌታዬ ፊት ይሄን ለብሼ ብቀርብ ምን እላለሁ? ዛሬ አንተ መጥተህ ጨርቅ አጣሁ አልክ። ሁሉንም የሚሸፍንበት ቀን መጣልኝ። ሞቱ በአላህ ቀጠሮ ነው የሚመጣው፤ ዱቄቱ ግን ለዛሬ እራት ነው የሚፈለገው።»

ሸኽዬ የጨርቁን ጠርዝ በጥርሳቸው ነከሱና በሁለት እጃቸው ሳቡት። የአቡጀዲ ቀደዳ ድምፅ አለው፤ ረጅም፣ ደረቅ። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ደልዳላዋ ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ቆየችና፣ ድንገት ቁጭ ብላ «እሺ፣ እንዴት አድርጌ ልቅደደው? በዚህ ልክ?» አለችኝ። ድምጿ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞተር አጥቤያለሁ። እንደዚያ ግን አጥቤ አላውቅም። ሁሉንም በናፍጣ አርሰን፣ አፍስሰን፣ እንደገና አርሰን፣ ቀጭን የአቡጀዲ ቁራጭ ሽቦ ጫፍ ላይ አስሬ በዘይቱ ቀዳዳ አሾልካለሁ፤ በወዲያኛው በኩል ደልዳላዋ ሴት ተቀብላ ትስበዋለች። ዕድሜዋን በሙሉ ክር ስታሾልክ የኖረች እጅ ናት፤ ሽቦው የት እንደተያዘ በጣቷ ታውቃለች። የመጀመሪያው ጥቁር ወጣ። ሁለተኛው ግራጫ። ማግኔቷን ሳስጠጋው ከግራጫው መካከል ደቃቅ ብረት ተነሥቶ ቆመ፤ አመዱ ግን በቦታው ተኛ። አመዱን የሚይዘው ጨርቁ ብቻ ነበር። ከልማዴ ውጪ ቁራጮቹን አልወረወርኳቸውም። የማን መሆናቸውን እያወቅሁ መሬት ላይ መጣል አልቻልኩም፤ ወጣቷ ሴት እየተቀበለችኝ አንድ ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። ሸኽዬ ድንጋያቸው ላይ ሆነው ያያሉ። ነጭ ሲገባ፣ ቆሽሾ ሲወጣ። ፊታቸውን ሰርቄ አየው ነበር፤ ይቆጫቸው እንደሆነ ብዬ። አንድ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻቸው ረገብ ብሎ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አላየሁባቸውም።

እየሠራሁ ስለ ጆንያዎቹ አስብ ነበር። እኔ በድርቁ ጊዜ ደሴ ነበርኩ። ከገጠር የመጣውን ሰው በየመንገዱ ዳር ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ያለችኝን ዳቦ ቆርሼ ሰጥቻለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ አላየሁም ብዬ መንገድ ቀይሬ አልፌያለሁ። ሁላችንም የደሴ ሰዎች እንዲህ ነበርን። ያለፈ ነገር ነው ብለን ነበር የምንኖረው። ያለፈው ግን እንደዚያ ደቃቅ ብረት በሰው ውስጥ ዞሮ የሆነ ቦታ ይቀመጣል፤ ሸኽዬ ዘንድ ሳጥናቸው ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ቁራጭ ነጭ ገብቶ ነጭ ወጣ። ደልዳላዋ ሴት ወደ ብርሃኑ አንስታ አገላብጣ አየችው፤ አላመነችውም። «ድገመው» አለችኝ። እኔን! ደገምነው። ነጭ ወጣ። በማግስቱ ካምሻፍቱን ገጠምኩ፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ መዘውሩን ከሊቀመንበሩ ጋር አዞርነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፤ ሁለተኛ አስነጠሰ፤ ተነሳ። ጥቂት አሠርቼው ወዲያው አጠፋሁት። ሴቶቹ «ያ ረቢ!» አሉ በድንጋጤ። ዘይቱን አፍስሼ በጣቶቼ መካከል አሸሁት፣ በጥርሴ ሞከርኩት። የሚንቀጫቀጥ ነገር የለም። ሁለተኛ ሲነሳ እልልታው ከሞተሩ በለጠ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ከየትም ቤት አልተሰማም። ሸኽዬ ዱዓ አድርገው መረቁን፤ እኔንም፣ ሞተሩንም፣ አመዱንም ጭምር።

ስሰናበታቸው «ሸኽዬ፣ አቡጀዲዎን እተካለሁ፤ በማርያም እምላለሁ» አልኳቸው።

«አብሽር» አሉ፤ አትጨነቅ ማለታቸው ነው። «እኔም አልቸኩልም።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ደሴ ሰኞ ገበያን አሰስኩ፤ ኮምቦልቻ የማውቀውን ሁሉ ጠየቅኩ፤ ለሾፌሮች ሁሉ ተናገርኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከድርቅ የተረፈ ሰውነት ነው፤ ጨርቁ ሳይደርስ ቢሞቱስ? ሌሊት ይሄ ያባንነኝ ጀመር። ከዚያ መንደር የመጣ ሰው ሳይ ሰላምታ ሳልጨርስ «ሸኽዬ ደህና ናቸው?» እላለሁ። በመጨረሻ አንድ ሾፌር፣ ሹራቤ ብዙ ጊዜ መኪናው ላይ የቀረው ሰው፣ ከሩቅ አገር አምጥቶልኝ ስወስደው የተሸከምኩ ሳይሆን ያወረድኩ እስኪመስለኝ ቀለለኝ።

ሸኽዬ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ አገላብጠው አዩት፤ «ማሻ አላህ፣ ደህና ነው» አሉ። ከዚያ ለደልዳላዋ ሴት ሰጧት። «ወፍጮ ቤት አስቀምጭው። ለሞተሩ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ሲታመም ጨርቅ አጣን እንዳይባል።»

ሴትየዋ ወስዳው ሄደች። «ሸኽዬ! ለእርስዎ እኮ ነው! እርስዎ በምን...» ብዬ ቃሉን መጨረስ አቃተኝ።

ተነስተው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ቁራጮቹ ናቸው። ሴቶቹ ከቅርጫቱ አውጥተው፣ በእንዶድና በአመድ ደጋግመው አጥበው፣ አንዱን ከአንዱ ጋር ሰፍተው እንደገና አንድ ጨርቅ አድርገውታል። ነጭ ነው፤ እዚህም እዚያም ጥላ የመሰለ ግራጫ ቀርቶበታል። ደልዳላዋ ሴት ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አመድ ለሞተር እንጂ ለጨርቅ ክፉ አይደለም፣ ወንድምዬ» አለችኝ። ይህን ለማለት ስንት ወር እንደጠበቀችኝ ፊቷ ላይ ይነበባል።

አሸተትኩት። ከቅርንፉዱ ሥር ናፍጣው አለ።

«ሽታው አልለቀቀም» አልኳቸው።

«አልለቀቀም» አሉ ሸኽዬ እየሳቁ። «መላይካዎቹ መቃብሬ ውስጥ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ወፍጮ ቤት የደረሱ መስሏቸው ተራ ይይዙ ይሆናል።»

«አዲሱን ይውሰዱ እንጂ፣ ሸኽዬ።»

«አዲስ ልብስ ለሚኖር ነው። እኔ የሚበቃኝ ንፁህ ነው። ይሄ ደግሞ እንዴት እንደጠራ አንተ ታውቃለህ።»

ሸኽዬ የሞቱት ከዚያ ዓመታት ቆይቶ፣ ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ዘመን ነው። ወሬው ኮምቦልቻ ሲደርሰኝ ያለሁበትን ሥራ ትቼ ወጣሁ። ስደርስ ሊቀመንበሩ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ከደልዳላዋ ሴት ጋር ይከራከራል። ለሸኽዬ ክብር ወፍጮው ዛሬ ይቁም ነው የሚለው። ሴትየዋ በሩን ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«አላቆምም» አለችው። «ከፈናቸውን በጥርሳቸው የቀደዱት እንዳይቆም ብለው ነው። ካቆምከው አንተ አቁመው፣ እኔ አላቆምም።»

ሊቀመንበሩ ዞሮ አየኝ። ትቷት ሄደ።

ቃሬዛውን ወንዶቹ እየተቀባበሉ ይዘው ሲወርዱ የእኔም ተራ ደረሰና ትከሻዬን ሰጠሁ። ሽማግሌው ቀላል ነበሩ። ጥቂት እንደተራመድን ንፋሱ ዞረና ናፍጣው ሸተተኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ሲሸተኝ የኖረና ሸቶኝ የማያውቅ ነገር። መላይካዎቹ ተራ ሲይዙ ታዩኝና ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባው መጣ፤ ሁለቱንም መመለስ አቃተኝ። ከኋላዬ የሚሸከመው ሰው «አብሽር፣ ወንድሜ» አለኝ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ቃሬዛው ወርዶ፣ ዱዓው ሲደረግ ሰው ሁሉ ዝም አለ። በዝምታው መካከል ከላይ ከመንደሩ ወፍጮው ይሰማል። ልማድ ነውና አንገቴን ዘንበል አድርጌ ሞተሩን አዳመጥኩት። የሚያንኳኳ ነገር አልነበረውም።